ሹሙ ተነሳ፤ ፋይሉስ?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ የጣና ዳር መንገድ]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከባሕር ዳር ነኝ።

"እገሌ ከኃላፊነት ተነሱ" የሚል ዜና ሲወጣ እዚህ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ካፌው፣ ባጃጁ፣ ቴሌግራሙ ሁሉ እሱኑ ያወራል። ብዙም ሳይቆይ ወሬው "አዲሱ ሰው ማነው?" ወደሚለው ይዞራል፤ ከዚያ ዝም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ዝምታ ነው። ምክንያቱም ሹም ከወንበሩ ስለተነሳ ብቻ ተጠየቀ አይባልም።

[ምስል፦ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኮሪደር፣ ፋይል የታቀፉ ሰዎች]

የማኅበር ቤትን እንውሰድ። በማኅበር ተደራጅታ፣ ብሯን ባንክ አስገብታ ቦታ የምትጠብቅ አንዲት እናት አለች እንበል። የመሬት ኃላፊው በጉቦ ይታማል፣ ይገመገማል፣ ይነሳል። እሷ ፋይሏን ይዛ ስትመጣ አዲሱ ኃላፊ "እኔ ያኔ አልነበርኩም" ይላታል። የድሮው ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ተመድቦ ደመወዙን ይበላል። ቦታው በማን ፊርማ ለማን እንደተሰጠ የሚነግራት የለም። በሕገወጥ መንገድ የወጣው ካርታ ይመክናል ወይስ እንደወጣ ይቀራል? ለእሷ ዋናው ነገር ይሄ ነው። የሰውየው መሻር እንጀራ አይሆናትም።

ሕጉ ታዲያ ምን ይላል?

[ምስል፦ ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 12]

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ካጓደለ ይጠየቃል ይላል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ፣ ቁጥር 881/2007 ማለት ነው፣ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት ላይ ሲመጣ አሁን ሥራ ላይ ያለውን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በፊት የነበረውንም ይይዛል። ኑሮው ከቀድሞ ወይም ከአሁኑ ገቢው ጋር ካልተመጣጠነ "ከየት አመጣኸው?" ተብሎ ይጠየቃል። የሀብት ምዝገባ አዋጁም፣ 668/2002፣ ሥልጣን ሲይዝ ብቻ ሳይሆን ሲለቅም አስመዝግብ ይላል። ስለዚህ "ለቅቄያለሁ እኮ" የሚለው መልስ ሕግ ፊት አይሠራም።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እየተባለ ባደግንበት አገር ይሄን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። ተረቱ መብላትን ብልሃት፣ መሻርን ደግሞ የነገሩ ማብቂያ አድርጎታል። አይደለም።

[ምስል፦ የፍርድ ቤት ደጃፍ]

ሁለት ፋይል ላሳያችሁ። ታምራት ላይኔ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በኋላም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና መከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። በ1989 ተነሱ፣ ተከሰሱ፣ 18 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በ2001 ተፈቱ። ከጀርባው ፖለቲካ ነበረ የሚል ሰው አለ፤ ቢያንስ ግን ጉዳዩ ፍርድ ላይ ደርሷል። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት መላኩ ፈንታ ደግሞ በ2005 ታሰሩ፣ በ2010 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። አምስት ዓመት እስር! ጥፋት ከነበረ ሕዝቡ ማወቅ ነበረበት፤ ካልነበረም የእኚህ ሰው አምስት ዓመት የማን ዕዳ ነው? ክስ ሲቋረጥ መልሱም አብሮ ይቋረጣል። ተጠያቂነት ለተከሳሹም ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀን ሁሉ ሌባ አንበል። "አልቻልኩም" ብሎ የሚለቅ ሰው ያስፈልገናል፤ እሱንም ከሰደብነው ማንም ወንበሩን አይለቅም። የለቀቀበት ምክንያት ግን በግልጽ ይነገር። "ለሌላ ኃላፊነት ተፈልገው" የሚባለው ነገር ምክንያት አይሆንም።

[ምስል፦ የክልሉ ምክር ቤት]

የክልሉ ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚሁ ከተማችን ነው። የክልሉ ዋና ኦዲተርም እዚሁ ነው። ቀጣዩ ሹም ሲነሳ ተመራጫችሁን ያዙና ጠይቁት፦ ርክክቡ በሰነድ ነበር ወይ? ቢሮው ኦዲት ተደርጓል ወይ? ሰውየው ሀብቱን አስመዝግቧል ወይ? ፋይሉስ ዐቃቤ ሕግ ጋ ደርሷል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ነው? የምክር ቤት አባል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ያለመከሰስ መብቱ መነሳት አለበት፤ ይሄንም ጠይቁ።

ማስረጃ እያላችሁ መጠቆም የምትፈሩ ካላችሁ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 699/2003ን አንብቡ። ጥበቃው እንዴት እንደሚጠየቅ በሚቀጥለው ቪዲዮ አንድ በአንድ እናየዋለን።