4,294,967,297 ሲመረመር

የተከበራችሁ የሂሳብ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ቁጥር ነው፦ 4,294,967,297። የ2 32ኛ ርቢ ላይ 1 ስንደምር የሚገኘው ማለት ነው። ርቢው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሲሆን ደግሞ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይመጣሉ፤ አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። የሂሳብ ሊቁ ፒየር ደ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. ቀጣዮቹም እንዲሁ ናቸው ብሎ አመነ። ሌላው የሂሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር በ1732 የእኛ ቁጥር ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ።

641 እንዴት ይገኛል? ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ከዳግም ዘሩ የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ አለው፤ የቁጥራችን ዳግም ዘር ደግሞ ከ65,536 እምብዛም አያልፍም። እስከዚያ ድረስ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ በእጅ ሁሉንም መሞከር አድካሚ ነው። ነገር ግን የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ይህን ደንብ ያረጋገጠውም ኦይለር ነው። ስለዚህ ከታች ስንጀምር የሚጠብቁን 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ብቻ ናቸው። 257ን ያለ ስሌት እንጥለዋለን፦ መጀመሪያ ያየናቸው የአምስቱ ቁጥሮች (3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537) ብዜት ልክ 4,294,967,295 ነው፤ ከእኛ ቁጥር በ2 ብቻ ያንሳል። 257 ሁለቱንም ቢያካፍል 2ንም ማካፈል ነበረበት።

አሁን ትልቁን ቁጥር ሳንነካ 641ን እንሞክር። የ2 16ኛ ርቢ 65,536 ለ641 ሲካፈል 154 ይተርፋል። የ2 32ኛ ርቢ 65,536 በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ስለሆነ ቀሪውንም በራሱ እናባዛለን፦ 154 በ154 ሲባዛ 23,716 ነው፤ ይህም ለ641 ሲካፈል 640 ይተርፋል። 1 ስንደምር 641 ሞላ፤ ተካፈለ! በዚሁ መንገድ 193 የ109፣ 449 የ325፣ 577 የ288 ቀሪ ይሰጣሉ። ሌላኛው አካፋይ 6,700,417 ሲሆን እሱም ብቸኛ ነው።

በኮምፒውተር የምትሠሩ ልብ በሉ። አሉታዊ በማይቀበል የ32 ቢት ቦታ ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው፤ የእኛን ብታስቀምጡበት 1 ሆኖ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜም ማስጠንቀቂያ የለም።

ሁለተኛው አደጋ ይብሳል። ታዋቂው የፌርማ ፈተና 2ን ከቁጥሩ በ1 ባነሰ ርቢ አንስቶ በቁጥሩ ሲካፈል ቀሪውን ያያል፤ ብቸኛ ከሆነ 1 መሆን አለበት። እዚህም 1 ይሆናል! የ2 64ኛ ርቢ በቁጥራችን ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፣ ርቢያችን 4,294,967,296 ደግሞ የ64 ብዜት ነውና። በ2 ብቻ የሚፈትን ፕሮግራም ሐሰተኛውን ያሳልፋል። በ2 ፈንታ 3ን ስንወስድ ቀሪው 3,029,026,160 ይሆናል፤ ቁጥሩም ብቸኛ አለመሆኑ ይጋለጣል።