ሳንባ ላይ የታየች ትንሽ ጥላ፦ ስሌቱ እስያውያንን የሚስተው የት ላይ ነው?

(ስክሪን፦ የሲቲ ስካን ምስል። የቀኝ ሳንባ ላይኛው ክፍል ላይ ትንሽ ነጭ ክብ ይታያል።)

ታይፔ የሚኖሩ አንዲት የ58 ዓመት እናት አሉ እንበል። ሲጋራ ነክተው አያውቁም። ለሌላ ጉዳይ ሲቲ ስካን ተነሱና ሳንባቸው ላይ 9 ሚሊሜትር የምትሆን ጥላ ታየች። ሐኪሞች ኖዱል ይሏታል። መጠኗ ከ3 ሴንቲሜትር አይበልጥም። አብዛኞቹ ኖዱሎች ካንሰር አይደሉም። የእሳቸውስ?

ሐኪሞች ግምቱን የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ በቀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የማዮ ክሊኒክ ቀመር ዕድሜን፣ ማጨስን፣ ቀድሞ የነበረ ካንሰርን፣ የኖዱሉን መጠን፣ ዳሩ እሾሃማ መሆኑንና የሚገኝበትን ቦታ ያያል። በ2013 ከካናዳ የመጣው ብሮክ የተባለው ቀመር ደግሞ ጾታንና በቤተሰብ የሳንባ ካንሰር መኖሩን ይጨምራል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ማዮ ላይ «አጭሰው አያውቁም» ከተባለ ውጤቱ ዝቅ ይላል። ብሮክ ደግሞ ከመነሻው የተሠራው ከሚያጨሱና ማጨስ ካቆሙ ሰዎች መረጃ ነው። እኚህ እናት እዚያ ውስጥ የሉም።

በምሥራቅ እስያ ግን በሳንባ ካንሰር ከሚያዙ ሴቶች አብዛኞቹ አጭሰው አያውቁም። ታይዋን ውስጥ ከ12,000 በላይ የማያጨሱ፣ ግን እንደ ቤተሰብ ታሪክ ያለ ሌላ ስጋት ያለባቸው ሰዎች ተመርምረው 2.6 በመቶው ላይ ካንሰር ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ከባድ አጫሾች ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት የመጀመሪያ ዙር ቁጥሩ 1 በመቶ ገደማ ነበር። ልብ በሉ፣ አጫሾች ናቸው! እርግጥ ታይዋን ከተገኙት አንዳንዶቹ በጣም ቀስ ብለው የሚያድጉ፣ ምናልባትም ሰውየውን የማይጎዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም «አላጨስም» የሚለው ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። የካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ኢጂኤፍአር በሚባለው ጂን ላይ የሚከሰተው ለውጥ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ካለባቸው እስያውያን ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል፤ ምዕራባውያን ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። የማድቤት ጭስም አለ። የቻይናዋ ሹዋንዌይ ሴቶች ጭስ መውጫ በሌለው ቤት የድንጋይ ከሰል እያነደዱ ያበስሉ ነበር። ምድጃው ጭስ ማውጫ ሲበጅለት በሳንባ ካንሰር መያዝ ቀነሰ።

(ስክሪን፦ ፔት ስካን፤ ደምቆ የሚያበራ ነጥብ።)

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ስህተት። ፔት ስካን ስኳር በብዛት የሚጠቀም ሕዋስን ያደምቃል። ካንሰር ያበራል፤ ቲቢ የተወው እብጠትም ያበራል። ቲቢ በበዛበት አገር ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በ2016 የወጣው የእስያ ሐኪሞች መመሪያ ፔት ላይ ያነሰ መደገፍን፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ናሙና መውሰድንና ረዘም ያለ ክትትልን የመከረው ለዚህ ነው።

ጭጋግ የመሰሉ ኖዱሎችም አሉ። ፔት ላይ ብዙም አይደምቁም፤ ለዓመታት ዝም ብለው ሊቆዩም ይችላሉ። 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆኑ ክትትሉ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል።

የቲቢው ነገር እኛንም ይነካል፤ ኢትዮጵያ በሽታው ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ውጭ አገር ሳንባችሁ ላይ ጥላ ከታየ፣ ቲቢ ታማችሁ ከነበረ ሳትጠየቁም ተናገሩ። የድሮ ሲቲ ስካን ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጠጣር ኖዱል ሁለት ዓመት ሙሉ ካልተለወጠ፣ ብዙ ጊዜ ሐኪሙም እናንተም እፎይ ትላላችሁ።