ፊልሙን መሃል ላይ አቁሙት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የሕክምና ተማሪዎችን በፊልም ስለ አእምሮ ሕመም ስለማስተማር ላወራችሁ ነው። ከልቤ የማምንበት ነገር ነው።

ተማሪ ዋርድ ውስጥ ታካሚን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሲበረታበት ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሰው አያውቀውም። ምን ይሠራ ነበር? ማንን ይወድ ነበር? ምን ያስቀው ነበር? ፊልም ግን ሰውየውን ከጤናው ጊዜ ጀምሮ ያሳየናል። ቤቱ ድረስ ይዞን ይገባል። ቤተሰቡ እንዴት እንደሚደክም እናያለን።

በፈረንጆቹ 2001 የወጣውን «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ»ን እንውሰድ። ያላያችሁት ካላችሁ ታሪኩን ልነግርባችሁ ነው። ፊልሙ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም የነበረበትን የሒሳብ ሊቅ የጆን ናሽን ሕይወት መነሻ ያደረገ ነው። ናሽ በ1994 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ ነው። ፊልሙ ላይ ከናሽ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ ጓደኛ አለ። ተጫዋች ነው፣ እንወደዋለን። ብዙ ቆይተን ነው ሰውየው ጭራሽ እንዳልነበረ የምናውቀው።

ልክ እዚያ ጋ ፊልሙ ይቁም። ከዚያ ተማሪዎቹ ይጠየቁ፦ «ቅድም አንድ ሰው መጥቶ ይሄ ጓደኛ የለም ቢላችሁ ታምኑት ነበር?» አያምኑም። በዓይናቸው አይተውታላ! ታካሚውም እንደዚያው ነው። እኛ ፋይሉ ላይ «ሕመሙን አይቀበልም» ብለን እንጽፋለን። እሱ ግን የሚነግረን ያየውንና የሰማውን ነው። ይሄ የገባው ተማሪ ከታካሚ ጋር ክርክር አይገጥምም። «ያኔ ፈርተህ ነበር? እንቅልፍስ ይወስድሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ፊልሙን ማረም ነው። እውነተኛው ናሽ የሌለ ድምፅ ይሰማ ነበር እንጂ እንደ ፊልሙ የሌሉ ሰዎችን አያይም ነበር። በስኪዞፍሬኒያም ይበልጥ የተለመደው ድምፅ መስማት ነው። ፊልሙ ላይ ናሽ በስተርጅና አዳዲስ መድኃኒቶች እንደሚወስድ ይናገራል። እውነተኛው ናሽ ግን ከ1970 ወዲህ መድኃኒት አልወሰደም። ታዲያ አንድ ታካሚ «እሱ ያለ መድኃኒት ተሽሎታል፣ እኔስ ለምን አልተውም?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ተማሪዎች በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢከራከሩ ደስ ይለኛል። ጥያቄው አንድ ቀን እነሱንም ይጠብቃቸዋላ።

በ1975 የወጣው «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» ደግሞ አለ። እዚያ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ በኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሕክምና ሲወስድ ማደንዘዣ የለውም። ያስፈራል። ዛሬ ሕክምናው የሚሰጠው በማደንዘዣና ጡንቻ በሚያላላ መድኃኒት ነው። ለከባድ ድብርትም በጣም ይረዳል። ቤተሰብ ግን «ኤሌክትሪክ» ሲባል በአእምሮው የሚመጣበት ያ ፊልም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ካወቀ በትዕግሥት ያስረዳል።

ሕመምተኛን ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አድርገው ስለሚያሳዩት ፊልሞች ብዙ አልልም። በእውነቱ ዓለም ሕመምተኞቹ ከጥቃት አድራሽነት ይልቅ ለጥቃት ሰለባነት ነው የሚጋለጡት።

መምህራን፣ አንድ ነገር አደራ። ክፍላችሁ ውስጥ ራሱ ሕመሙ ያለበት ወይም እናቱ የታመመችበት ተማሪ ሊኖር ይችላል። ምን እንደምታሳዩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የከበደው ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ይውጣ። ፊልሙ ሲያልቅም ቶሎ አትሂዱ፣ ቀርቶ ሊያናግራችሁ የሚፈልግ ይኖራል።

በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ። ደህና ሁኑ።