ኪቶ ለአዲስ አበባ ከጎዴ ትቀርባለች

(ለጂኦግራፊ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት አገሮች ነው፤ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኢኳዶር። እኔ የአበባ እርሻ ባለሙያ ነኝ። መልክዓ ምድርን የማየው በጽጌረዳ ዘንግ ቁመት ነው፤ ለዚህ ከወዲሁ ታገሱኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ እስከ ኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃል ላይ ግማሽ አፍሪካ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስና የአማዞን ደን አሉ። ቆላማዋ ጎዴ ግን እዚሁ ሶማሌ ክልል ናት፤ በአየር 600 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። እንዲያም ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ሹራብ ደርቦ የተነሳ ሰው ኪቶ ሲደርስ ልብስ መቀየር አያስፈልገውም። ጎዴ ከሄደ ግን ሹራቡን የሚያወልቀው ገና ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ነው።

ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ከፍታ ነው። ኪቶ የምድር ወገብ አፍንጫው ስር ብትሆንም 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። የኪቶ አማካይ ሙቀት 14 ዲግሪ፣ የአዲስ አበባ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽቅብ በ1,000 ሜትር ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል የሚለውን ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ታስታውሳላችሁ። አያቶቻችን ይህን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፋፍለውታል። የአንዲስ ገበሬዎችም ተራራቸውን እንዲሁ በአራት ከፍለው ሙቅ፣ ለብ ያለ፣ ቀዝቃዛና በረዷማ ይሉታል። ማንም ከማንም አልኮረጀም። ምድር ወገብ አካባቢ ተራራ ላይ የሚኖር ሰው አየሩን በወራት ሳይሆን በዳገት ነው የሚለካው።

አሁን ወደ አበባዬ ልውሰዳችሁ። ከኪቶ በስተሰሜን ምሥራቅ ካያምቤ የሚባል አካባቢ አለ፤ በአገሩ ትልልቅ ከሚባሉት የጽጌረዳ ቀበሌዎች አንዱ ነው። እርሻዎቹ ከ2,800 ሜትር በላይ ናቸው። ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ዘንጉ ወደ ጎን ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሌሊቱ ግን ይበርዳል። ብርዱ እድገቱን ይጎትተዋል፤ የተቆረጠው ቦታ አዲስ ዘንግ አውጥቶ ለመቆረጥ ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እምቡጡ ይደልባል። አንድ ሜትር የሚደርስ ዘንግ፣ የቡጢ ያህል ራስ የሚታየው ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ይህን ለማየት ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም። ዝዋይ 1,640 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ጽጌረዳ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ራሱ ግን አነስ ይላል። ከአንድ ካሬ የሚቆረጠው ቁጥሩ ብዙ ነው። ሆለታ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ ደግሞ ቁጥሩ ይቀንስና ራሱ ይፋፋል። ያንኑ ዝርያ ሁለቱም ቦታ ተክላችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ወንድማማች አይመስሉም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ሆለታ ላይ ሌላ ጣጣ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጭ ይወርዳል፣ ፕላስቲኩ ከውስጥ ላብ ይይዛል፣ ጠብታው እምቡጥ ላይ ካረፈ ሻጋታ ይከተላል። ጠዋት ግሪን ሃውስ ገብተን መጀመሪያ የምናየው አበባውን ሳይሆን ጣሪያውን ነው።

ሁለቱ አገሮች በከፍታ ቢመሳሰሉም በዝናብ አይገጣጠሙም። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ጃንጥላ ሳይያዙ መውጣት ሞኝነት ነው። ኪቶ ግን በእነዚሁ ወራት ደረቅና ነፋሻ ናት። የእኛ ልጆች ቡሄን በጭቃ ውስጥ ሲጨፍሩ፣ የእነሱ ልጆች በክር የሚበር የወረቀት ካይት ያበርራሉ። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ነው፤ እኛን ሲያጥለቀልቅ እነሱን አልፏቸው ይገኛል። እነሱን የሚያዘንብባቸው ሲወጣና ሲመለስ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ከዚያም ጥቅምትና ኅዳር አካባቢ።

ተራሮቹም መልካቸው እንጂ አወላለዳቸው አንድ አይደለም። ኢኳዶር ላይ ናዝካ የሚባለው የውቅያኖስ ወለል ከደቡብ አሜሪካ ስር እየገባ አህጉሩን ይገፋል፤ አንዲስም ምንጣፍ ሲገፋ እንደሚሸበሸበው ተነስቷል። የእኛ ደጋ ግን የተነሳው ከስር በመጣ ሙቀትና ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግድም በፈሰሰ ላቫ ነው፤ ከዚያ ስምጥ ሸለቆው መሃሉን ቀደደው። እነሱ እየተጨመቁ ነው፣ እኛ እየተቀደድን። በ2005 አፋር ዳባሁ ላይ መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ሲከፈት ዓለም ጉድ ብሏል። ኢኳዶር ደግሞ በ2016 ሚያዝያ መጠኑ 7.8 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ ከ600 በላይ ሰው አጥታለች።

ቺምቦራሶ የሚባል ተራራ አላቸው፤ 6,263 ሜትር። ከባሕር ወለል ሲለካ ኤቨረስት ይበልጠዋል። ምድር ግን ወገቧ ላይ ሰፋ ስለምትል፣ ከመሬት እምብርት ከተለካ ቺምቦራሶ በሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኢኳዶሮች ይህን ለእንግዳ ሳይነግሩ አይለቁም። እኛ ራስ ዳሸን ላይ ቋሚ በረዶ የለንም፤ ባሌ ሳነቴ ላይ ግን በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር እንደነበር ድንጋዮቹ ይመሰክራሉ።

ሳነቴን ካነሳሁ ጅብራን ሳላነሳ አላልፍም። ሳነቴ ላይ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ውኃ ይረጋል። ጅብራ ቅጠሎቹን ክብ አድርጎ ይደረድርና ሲመሽ ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ይሸፍናል። በሰሜን ኢኳዶር፣ ኤል አንኼል በሚባለው ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ደግሞ ፍራይሌኾን የሚሉት ተክል አለ። እሱም ሰው ያህል ቆሞ፣ ቅጠሉን ክብ ደርድሮ፣ ላዩ ላይ እንደ ሱፍ ያለ ጠጉር ለብሶ ነው የምታገኙት። የዘር ቤተሰባቸው የተለያየ ነው። ችግራቸው አንድ ስለሆነ መፍትሔያቸው ተቀራረበ። ለእኔ የዛሬው ጉዳይ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ተክሎች ይታያል።

በኪቶ ዙሪያ ያለው እንዲህ ዓይነት ቀዝቃዛ ደጋ ለኪቶ ሰው ትርፍ መሬት አይደለም። አፈሩ ዝናቡን ጠጥቶ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ከተማዋ የምትጠጣው ከዚያ ነው። በ2000 ይህን ደጋ የሚጠብቅ የውኃ ፈንድ አቋቋሙ። የከተማው ውኃ ድርጅት ከገቢው 2 በመቶ ይከፍላል። ቧንቧ ከመቅበር በፊት ምንጩን መጠበቅ ማለት ነው። ለገዳዲና ገፈርሳን የሚመግቡትን ተዳፋቶች ስናይ ይህ ሐሳብ ለእኛም የሚሆን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ ክር ፓሲፊክ ውስጥ አለ፤ ኤልኒኖ። በደህናው ጊዜ ነፋሱ ሙቁን ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል፤ የፔሩና የኢኳዶር ዳርቻ ቀዝቃዛ ውኃ ከስር ያገኛል። ነፋሱ ሲደክም ሙቁ ውኃ ወደ ኢኳዶር ይመለሳል። በኢኳዶር ጠረፍ ያሉት ጉዋያኪልና ማናቢ በዝናብ ይጥለቀለቃሉ። አየሩ የሚነሳበት ቦታ ሲቀየር፣ ለእኛ ክረምት እርጥበት የሚያመጣው ንፋስ ይዳከማል። የእነሱ ጎርፍና የእኛ ድርቅ የአንድ ክስተት ሁለት ጫፍ ነው።

1997ን ውሰዱ። ክረምታችን ቀነሰ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ሶማሌ ክልል ያልጠበቀው ዝናብ ወረደበት፤ ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ ወጣ። ያ ኤልኒኖ በወራት ውስጥ የኢኳዶርን ጠረፍ መንገድና ድልድይ ጠራርጎ ወሰደ። በ2015 ደግሞ ክረምቱ ከሽፎብን 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። ኢኳዶር ግን በዚያ ዓመት የፈራችው ጎርፍ በ1997ቱ ልክ አልመጣባትም። ኤልኒኖ ሁሉ አንድ አይደለምና። በ1972ም ኤልኒኖ ነበር፤ ቀጥሎ ወሎ ተራበ። ያንን ግን ውቅያኖስ ላይ ብቻ ማላከክ አይገባም። ዝናብ ያስቀረው ሰማይ ነው፣ ረሃቡን የደበቁት ሰዎች ናቸው።

መብራቱም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሁለታችንም መብራታችንን በአብዛኛው ከወንዝ ነው የምናገኘው። በ2024 ኢኳዶር ደረቀች፤ ማሳር የሚባለው ግድባቸው ውኃው ወረደ፣ በቀን እስከ 14 ሰዓት መብራት ይጠፋ ነበር። አበባ ቆርጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ላስገባ ገበሬ 14 ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ እኔ ይገባኛል። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው፤ የአንድ ክረምት ማነስ ቶሎ አይጥለውም። ተከታታይ ሁለት ሦስት ክፉ ክረምት ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ያንን ሒሳብ መሥራት ያለባችሁ እዚህ የተቀመጣችሁት ናችሁ።

ከአንዲስ ድንች መጣልን፤ ከእኛ ቡና ሄደላቸው። ይህን ለቡና ሰዓት ልተወው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። አመሰግናለሁ።