ከባሕር ዳር ለረጅም ጉዞ፦ ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ?

(በምስል፦ የጣና ዳርቻ በማለዳ። በምንጣፍ ላይ የተዘረጋ የጉዞ ዕቃ፣ አጠገቡ ባዶ የጀርባ ቦርሳ።)

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ለወራት፣ ምናልባትም ለአንድ ዓመት፣ በአነስተኛ ገንዘብ ከአገር አገር ለመዘዋወር የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው በሻንጣው ነው። በዚህ ቪዲዮ የምንጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፤ ከቤት የሚወሰደው ዕቃ በደረሱበት አገር የማይገኝ፣ ቢገኝም ዋጋው የማይቀመስ መሆን አለበት። ሳሙናና ካልሲ የማይሸጥበት ከተማ የለም። ከክፍለ ከተማ የሚወጣ የልደት ማስረጃ ግን ከዚሁ በቀር በየትም አይገኝም።

ስለዚህ ከሰነድ እንጀምር። ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ፓስፖርት ስለሚጠይቁ፣ ለአንድ ዓመት ለሚጓዝ ሰው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልቀረው ፓስፖርት አይበቃውም። የልደትና የትምህርት ማስረጃችሁን አስተርጉማችሁ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጣችሁ ያዙ። ትርጉሙ ላይ ቀኑን ራሳችሁ ቁጠሩ። መስከረም 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1997 ነው፤ በፓስፖርቱና በማስረጃው መካከል የአንድ ቀን ልዩነት ቢኖር እንኳ ሰነዱን የሚመረምረው ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ሊያየው ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ነገር ግን ተቀባይነት የሚያገኘው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት።

ሻንጣ ውስጥ የማይገባ፣ ግን ከመነሣት በፊት የሚጠናቀቅ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ለቤተሰብ የሚተው ውክልና ነው። ከውጭ ሆኖ ውክልና መስጠት በኤምባሲ በኩል የሚያልፍ፣ ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ሥራ ነው። የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣበትን ሲም ካርድም ይዛችሁ ሂዱ።

(በምስል፦ አጎበር፣ በእሽጉ ያለ መድኃኒት፣ የሐኪም ማዘዣ።)

በመድኃኒት ጉዳይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ነውና። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ወባን ለምደናታል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ሲመጣ ወዲያው ለደም ምርመራ እንሄዳለን። ወባ በሌለበት አገር ያለ ሐኪም ግን ያንኑ ምልክት ሲያይ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ጉንፋንን ሊሆን ይችላል። በአገራችን በብዛት ከሚገኙት ሁለት የወባ ዓይነቶች አንዱ፣ ቫይቫክስ የሚባለው፣ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት አልፎም ከወራት በኋላ ሊቀሰቀስ ይችላል። እዚህ የያዘ ወባ እዚያ ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በጉዞ ላይ ሳላችሁ ካተኮሳችሁ «ከወባማ አካባቢ ነው የመጣሁት፤ ደሜ ይመርመርልኝ» ማለትን አትርሱ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሕይወት ያድናል። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ቆላማ አገሮች የምትሄዱ ከሆነ አጎበር ያዙ። ማንኛውም መድኃኒት በራሱ እሽግና በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ማዘዣ ጋር ይሁን። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ያለ ፈቃድ የማይገቡ መሆናቸውንም ዕወቁ።

ወደ ልብስ ስንመጣ፣ የእናቶቻችን ምርጫ ጋቢ ነው። እናቴ ፈትላ ያሸመነችው ጋቢ አለኝ፤ ለረጅም ጉዞ ግን ይዤው አልሄድም። ጋቢ አራት ንብርብር ነው፤ ይከብዳል፣ አንዴ ከረጠበም ቶሎ አይደርቅም። በምትኩ ነጠላ ያዙ። ብዙ ሰው በተደራራቢ አልጋ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ርካሽ ማረፊያ ነጠላ አንሶላ ይሆናል፤ ከላይኛው አልጋ ብረት ላይ ሲንጠለጠል መጋረጃ፣ ከሻወር ሲወጡ ፎጣ፣ በአውቶቡስ ውስጥ አንገት መጠምጠሚያ ይሆናል። ማታ በእጅ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ ጥለቱ ወደ ታች ሆኖ ቢሰጣ ጠዋት ደርቆ ይገኛል። የክረምት ካፖርት እዚያው ደርሳችሁ ከልባሽ ሱቅ ብትገዙ ይሻላል። ጫማ ግን ከቤት ይሁን፣ ቢያንስ ለአንድ ወር የተለመደ።

ምግብን በተመለከተ፣ በበጀት ለሚጓዝ ሰው እንደ በሶ ያለ ስንቅ የለም። እሳት አይፈልግም፤ ውኃና ጨው፣ ወይም ስኳር ይበቃዋል፤ ባቡር ጣቢያ ላይ በኩባያ ተበጥብጦ ቁርስ ይሆናል። ወጥ ቤት ባለበት ማረፊያ ለምታድሩ ሽሮ ጨምሩ። የዘጌ ቡና የምትወስዱ እንደሆነ ጥሬውን ሳይሆን የተቆላውን ያዙ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል በመሆኑ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮም ጭምር እዚሁ ይቅር። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ማርም አዋዜም እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ በእጅ ሻንጣ አታስገቧቸው።

እነዚህን ሁሉ የምናስርበት ፌስታል ራሱ ችግር ነው። ሩዋንዳ ከ2008፣ ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ናይሮቢ ደርሼ በአውሮፕላን ማረፊያው ወለል ላይ ተንበርክኬ ሽሮዬን ወደ ካናቴራ ስገለብጥ ሰው እየረገጠኝ ያልፍ ነበር። ለልብስ ሰፊ ጥቂት ብር ከፍላችሁ ከአቡጀዲ ትናንሽ ከረጢቶች አሰፉ።

ጉዟችሁ እንደ ተሰማ «ይህችን ለልጄ አድርስልኝ» የሚል አደራ ይመጣል። አደራ መቀበል ባህላችን ነው፤ ሆኖም ተከፍቶ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ጥቅል አትቀበሉ። ጫት በብሪታንያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያና በኤምሬቶችም ያሳስራል። በሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ነገር የሚጠየቀው ባለ ሻንጣው ነው።

የኛ ሶኬት ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ሲሆን፣ የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የኤምሬቶችና የብሪታንያ ግን ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ያሉት በመሆኑ አንድ መቀየሪያ ያዙ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም።

(በምስል፦ ቦርሳ ያዘለ ሰው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ ሲጓዝ።)

በርካታ ርካሽ አየር መንገዶች በነፃ የሚያሳልፉት የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ብቻ ነው። ሁሉን ከከተታችሁ በኋላ ቦርሳውን አዝላችሁ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ከጊዮርጊስ እስከ አባይ ድልድይ ሄዳችሁ ተመለሱ። ትከሻችሁን ካመማችሁ ቤት ገብታችሁ መጀመሪያ ልብስ አውጡ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጫማ፣ ከዚያ ሽሮውን በግማሽ። ሰነዱን፣ መድኃኒቱንና ነጠላውን ግን አትንኩ።