ከመርፌው በፊት ስኳሩ ይለካ

ክቡራን የሙያ አጋሮቼ፣ ውድ ሕሙማንና አስታማሚ ቤተሰቦች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ለጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር የሚሰጡ አዳዲስ ሕክምናዎችን ይመለከታል። ሁሉንም አልዘረዝርም። ዛሬ ሁሉም ስለሚጠይቀው ስለ ፒአርፒ ልናገር፤ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

ፒአርፒ ማለት ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) የበዛበት ፕላዝማ ነው፤ ከታማሚው ከራሱ ደም የሚዘጋጅ መርፌ ነው። ከክንድ ከ15 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል፤ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት ቱቦ ውስጥ ሆኖ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ቱቦው ሲወጣ ደሙ ተለያይቷል፦ ከታች ቀዩ፣ መሃል ላይ ነጣ ያለ ስስ ንብርብር፣ ከላይ ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል። ፕላዝማው እንደ ጭድ ቢጫ ሆኖ ጥርት ማለት አለበት። የደም ቅባቱ በጣም ከፍ ያለ ወይም ቅባት የበዛበት ቁርስ በልቶ የመጣ ሰው ፕላዝማ ግን ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ሊደፈርስ ይችላል። ይህን መድኃኒት ፋብሪካ አልቀመመውም፤ ያው የታማሚው ደም ነው። ደሙ ከታወከ መድኃኒቱም የሚቀዳው ከዚያው ነው።

የሚወጋው ጉልበትስ? በመገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ኮላጅን ከሚባለው የልም አጥንቱ ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ያደርቀዋል፣ ተሰባሪም ያደርገዋል። ስብም ሸክም ብቻ አይደለም፤ መገጣጠሚያን የሚያስቆጡ ኬሚካሎች ያመነጫል። ሰው በእጁ አይሄድም፤ ሆኖም የጣት መገጣጠሚያ መሸርሸር ውፍረት ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል።

ታዲያ ጉልበቱን የታመመ ሰው ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ራጅ እናነሳለን፣ ዋጋ እንነግራለን፣ ቀጠሮ እንይዛለን። የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳሩን (HbA1c) ማን ጠየቀ? የወገቡን ዙሪያ ማን ለካ? የሦስት ወር ስኳሩ 9 በመቶ የሆነን ሰው ሳይመረምሩ መውጋት ሕክምና አይባልም፣ ገንዘቡን መውሰድ ነው!

በ2021 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 288 ሰዎችን ከፍሎ ለአንዱ ወገን ፒአርፒ፣ ለሌላው የጨው ውሃ ወጋ። ከ12 ወር በኋላ በሕመማቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በ2013 በወጣው የአሜሪካ ጥናት ግን አመጋገብንና እንቅስቃሴን ያጣመሩት ሰዎች ከክብደታቸው 11 በመቶ ገደማ ቀንሰው ሕመማቸው በግማሽ ያህል ቀለለ። አንድ ኪሎ ሲቀንስ ጉልበት በእያንዳንዱ እርምጃ አራት ኪሎ ያህል ይቀለዋል።

ስለዚህ የሦስት ወር ስኳር ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ መርፌው 12 ሳምንት ይቆይ። ከሁለቱ እንጀራ አንዱ ይቅር፣ ቦታውን ጎመንና ምስር ይያዘው፤ የሻዩም ስኳር ይቅር። ከምግብ በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ስኳሩን ያወርዳል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን እንጀራ ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ይችላል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ዘርግቶ አምስት ሴኮንድ መያዝ፣ በየእግሩ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ከፒአርፒ በፊትና በኋላ ለአንድ ሳምንት ይቁሙ፤ ፕሌትሌትን ያዳክማሉ። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ያለ ሐኪም አይቋረጥም። የስቴሮይድ መርፌ ደግሞ ስኳርን ለቀናት ከፍ ያደርጋል፤ የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ በእነዚያ ቀናት ይለካ።

በሩ አጠገብ ነርሶች ሜትር ይዘው ተቀምጠዋል። ወገባችሁን ሳትለኩ አትውጡ።