ሲሚንቶውን ማን ይቆጥራል?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው መኪናዬ ውስጥ ነው፤ የዝናብ ድምፅ ከሰማችሁ ታገሱኝ።

ባለፈው ወር ቢሮ ኬክ ተቆርጦ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ድልድይ ሲቆጣጠር የኖረ ባልደረባችን ሊሰናበት ነው። አጨበጨብን፣ ፎቶ ተነሳን። በሦስተኛው ሳምንት ሳይት ስሄድ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ያንኑ ሰውዬ። ሄልሜቱ ላይ ያለው አርማ ብቻ ተቀይሯል። አሁን የአማካሪ ድርጅት ሠራተኛ ሆኗል። ድልድዩ ያው፣ ሥራው ያው። ለአንድ ሰዓቱ የምንከፍለው ግን ከድሮው በጣም ይበልጣል። እሱ ኪስ የሚገባው ከዚያ ላይ ጥቂቱ ነው። የድርጅቱ ኪራይ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ትርፍ አለ።

የምሠራው በአንድ የአሜሪካ ስቴት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ገና የቤት ብድር አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር መንገዱን ሲገነባ የኖረው ተቋራጭ ነው፤ ጨረታ ይወጣል፣ ያሸነፈው ይሠራል። እሱ አዲስ አይደለም። እየበዛ የመጣው ዲዛይኑንና ቁጥጥሩን ጭምር ለግል ድርጅት መስጠት ነው። ምክንያቱም አለው። በፈረንጆቹ 2021 ላይ ትልቁ የመሠረተ ልማት ሕግ ሲወጣ ለስቴቶች ብዙ ገንዘብ መጣ። ገንዘብ በአንድ ፊርማ ይመጣል። ድልድይ የሚያውቅ ሰው ግን አሥር ዓመት ይፈጃል። ደግሞ ገንዘቡ ሲያልቅ ያን ሁሉ ቋሚ ሠራተኛ ምን ልታደርገው ነው? አለቆቼን በዚህ አልፈርድባቸውም።

ካሊፎርኒያ ላይ የመንግሥት መሐንዲሶች ማኅበር በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። 1997 ላይ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። 2000 ላይ ግን ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የዲዛይን ሥራ ለግል ድርጅት እንዲሰጥ በሩን ከፈተው። ሁለቱም ወገን ሲከራከር የነበረው ያው የለመድነውን ነው፤ ማን በርካሽ ይሠራል?

እኔ ጥያቄው እሱ አይመስለኝም። ቦስተንን እዩ።

ቢግ ዲግ የሚሉት ነው፤ አውራ ጎዳናውን ከከተማው ሥር የቀበሩበት። ሦስት ቢሊዮን እንኳ አይሞላም የተባለው ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ሥራውን የሚመሩት ቤክቴልና ፓርሰንስ ብሪንከርሆፍ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ። ዲዛይኑን ይመራሉ፣ ግንባታውንም ይቆጣጠራሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጭራሽ የስቴቱ ሠራተኞችና የእነሱ ሰዎች በአንድ ድርጅት ሥር ተቀላቀሉ። ወጪ ለመቆጠብ ነው የተባለው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይቆጣጠር?

የአንዱ ዋሻ ጣሪያ ከባድ የአርማታ ሰሌዳ ነበር። የተንጠለጠለበትን ብሎን የያዘው ኤፖክሲ የሚሉት ማጣበቂያ ነው። የተጠቀሙበት ኤፖክሲ ቶሎ የሚደርቅ ዓይነት ነበር፤ ይሄ ደግሞ ክብደት ለረጅም ጊዜ ሲጎትተው ቀስ እያለ ይለቃል። 1999 ላይ ብሎኖች እየወጡ መሆኑ ታይቷል። መልሰው አጣበቋቸውና ሥራው ቀጠለ። ጁላይ 10 ቀን 2006 ማታ 26 ቶን ገደማ አርማታ አንድ መኪና ላይ ወረደ። ባልየው ሾልኮ ወጣ፣ ሚስቱ ሞተች።

መርማሪዎቹ ካሉት ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ዋሻው ተከፍቶ መኪና ሲያመላልስ ያንን ጣሪያ በየጊዜው ወጥቶ ያየ ሰው አልነበረም። ቢታይ ኖሮ የብሎኖቹ መላላት ይታወቅ ነበር። በኋላ ሁለቱ ድርጅቶችና በሥራው የነበሩ ሌሎች ድርጅቶች በድምሩ ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ።

ይሄን ታሪክ ሳነብ ትዝ የሚለኝ አዳማ ያሠራሁት ቤት ነው። ሳቁ! ውጭ ሆኖ ቤት ያሠራ ሰው ግን ይገባዋል። መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ ነበር የሚቆጣጠርልኝ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዞ የገባውን ሲሚንቶ፣ ያደረውን ፌሮ ይጽፋል። ኮንትራክተሩ አይወደውም ነበር። ከዚያ ሥራ አገኘና ሐዋሳ ሄደ። ኮንትራክተሩ «አታስብ፣ ጎበዝ ተቆጣጣሪ አለኝ» አለኝ። አላሰብኩም። በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔም ልብ እልካለሁ። ፎቶ ላይ አርማታ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። አገር ቤት ገብቼ ኮለኖቹን ሳይ ነው ስንጥቁን ያገኘሁት። «ጎበዙ ተቆጣጣሪ» ደግሞ ለካ የሰውዬው የሚስት ወንድም ነው።

በመሐንዲስነቴ እንዲህ መታለሌ እስካሁን ያሳፍረኛል። ባለሙያ ከሌላ ቦታ ቀጥረህ ታመጣለህ። ያ ደብተር የያዘ ልጅ ግን የራስህ መሆን አለበት።

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። አሁን የእሱን የሰዓት ወረቀት የምፈርመው እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያስተማረኝን ሰው! በየሳምንቱ ስፈርም እጄን ያሳክከኛል።

በቅርቡ ደግሞ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ቀጠርን፤ በቋሚነት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ። ድልድዩን በመዶሻ እየመታች ድምፁን መስማት መልመድ አለባት። ውስጡ የተላቀቀ አርማታ ድምፁ ባዶ በርሜል እንደመምታት ነው። ይሄን እንደሱ አድርጎ የሚያሳይ የለም። «አስተምራታ» አልኩት። ውሉን አውጥቶ አሳየኝ። የሚከፈልባቸው ሥራዎች ተዘርዝረዋል፤ የኛን ሰው ማሠልጠን የሚል የለም።

በምሳ ሰዓት አብረው ወረዱ። ከላይ ሆኜ መዶሻውን ስትቀበለው አየኋት። ዓርብ የሰዓት ወረቀቱን ስፈርም አየሁት፤ ያቺን ሰዓት አልጻፋትም።